መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ

ቫዮሊኑ የልጇ ነበር። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ለምና፣ አልቅሳ፣ እራት አልበላም ብላ አስገዛችው፤ ጥቂት ዓመታት ከተማረችበት በኋላ ግን እንደ ጠበበ ጫማ ቁም ሣጥን ላይ ወርውራ ረሳችው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሌላ ከተማ ስትሄድም አልወሰደችውም። እናትየው ቤት ባጸዳች ቁጥር የቫዮሊኑን ሳጥን ከፈት ታደርግና አንዱን ክር በጣቷ ትነካካዋለች፤ ድምፁ እስኪጠፋ ቆማ ትሰማለች፤ ከዚያ ዞር ዞር ብላ አይታ ትዘጋዋለች።

እናትየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ከወጣትነቷ ጀምሮ መሪ ጨብጣ ስትዞር ኖራ፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዴፖ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ቀስ» ነው የሚሏት። በእሷ አውቶቡስ የቆመ ተሳፋሪ ብረት ሳይጨብጥ ጋዜጣ ያነባል።

«እትዬ ቀስ ፍሬን ስትይዝ እንቁላል የጫነች ነው የምትመስለው» ይላሉ ወጣቶቹ ሹፌሮች።

«እናንተ ድንጋይ ስለምትጭኑ ነው» ትላቸዋለች።

ስለ ሙዚቃ ግን ከማንም ጋር አታወራም። ልጅ ሳለች የትምህርት ቤቱ መዘምራን ውስጥ ነበረች። አንድ ቀን መዝሙር የሚያስተምሩት ሰውዬ በሰልፉ መሃል እያዳመጡ መጡና እሷ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው፣ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፤ ድምፅ አታውጪ» አሏት። እሺ አለች። ወላጆች በተጋበዙበት ቀን ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ መጨረሻው አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ ዋለች። ሲያልቅ እናቷ እየሮጡ መጥተው አቀፏትና፣ «ከሁሉም በልጦ የተሰማኝ ያንቺ ድምፅ ነው» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ነገር የሚነቅፋትንም የሚያሞግሳትንም ሰው ማመን አቃታት። ጆሮ አልሰጠኝም ብላ ተወችው።

ይሁንና የቫዮሊኑ ነገር ከውስጧ አልወጣ አለ። አንድ የዕረፍት ቀኗ ላይ ሳጥኑን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ልጇን ስታመላልስበት ወደነበረው ሙዚቃ ቤት ሄደች።

«ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?» አለቻት ጸሐፊዋ።

«ራሴን።»

«ራስዎን?»

«እንደምታዪው ሌላ ሰው ይዤ አልመጣሁም።»

የደረሰቻት መምህርት ከልጇ ብዙም የማትበልጥ፣ እጅጌዋን ሁልጊዜ እስከ ክርኗ የምትሰበስብ፣ ፈገግታ የምትቆጥብ ወጣት ነበረች። ሹፌሯ በመምህርነቷ አክብራ «እርስዎ» ስትላት መምህርቷ ደነገጠች።

«እኔን አንቺ ይበሉኝ፤ ልጅዎ እኮ እሆናለሁ» አለች።

«ልጄ ብትሆኚማ መች ትሰሚኝ ነበር» አለቻት ሹፌሯ። ሁለቱም ሳቁና ነገሩ ተቃለለ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቫዮሊኑን አገጭና ትከሻ መሃል በማስቀመጥ፣ ደጋኑን ይዞ ባዶ ክር በመገዝገዝ አለቁ። ከዚያ መምህርቷ አንዲት አጭር ዜማ ሰጠቻት። ሹፌሯ ላብ በላብ ሆና ተጫወተቻትና ቫዮሊኑን አውርዳ፣ መንጃ ፈቃድ እንደሚፈተን ሰው የመምህርቷን ፊት ማየት ጀመረች። መምህርቷ መልሳ እሷን አየቻት።

«እህ?» አለች ሹፌሯ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ። እንዴት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? ለማወቅ አይደል እንዴ አንቺ ጋ የመጣሁት።»

«እኔ የምሰማዎት በሳምንት አንዴ ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ የሚሰማዎት ማነው?»

ሹፌሯ አሰብ አደረገች። «ባሌ» አለች።

መምህርቷ ሳቋን ዋጠችና የሙዚቃ ቤቱን ደንብ አስረዳቻት። ተማሪዋ ተጫውታ ስትጨርስ አንድ የተሳካላትን፣ አንድ የተበላሸባትን ነገር ከነቦታው ትናገራለች። ከዚያ ለራሷ ከአምስት ማርክ ትሰጣለች። መምህርቷ የራሷን የምትናገረው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

«እንግዲያው አንድ» አለች ሹፌሯ።

«የተበላሸው የቱ ጋ ነው?»

«ሁሉም ጋ።»

«የተሳካውስ?»

«የለም።»

መምህርቷ ሁለት እንደሰጠቻት ነገረቻት። ሹፌሯ ግን አንገቷን ነቀነቀች። ይቺ ልጅ ልታጽናናኝ ብላ ነው እንጂ፣ አለች በሆዷ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ባሏ አለ። ሥራው ወለል ላይ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው፤ ጉልበቱ ሥር ስፖንጅ አስሮ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ውሎ ሲመጣ ከሶፋው አይነሳም። እሷ ደጋኑን ሳታወርድ «ግሩም ነው» ይላታል። አንድ ቀን ሆን ብላ ክሩን እንደ መጋዝ ፋቀችው። «እሱም ግሩም ነው» አላት። ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ግን በዚህ አልተስማሙም፤ ወለላቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡት።

ስለዚህ ልምምዷን ወደ አውቶቡሷ ወሰደችው። ከቀትር በፊት ባለው እረፍቷ አውቶቡሷን ዴፖው ጥግ ታቆማለች፤ በሮቹን ትዘጋና ከኋላ ባለው ረጅም ወንበር ፊት ለፊት ቆማ ትለማመዳለች። ሰው የሌለበት አውቶቡስ ጥሩ ክፍል ነው፤ ወንበሮቹ ጩኸቱን ይውጡታል። መካኒኮቹ ግን ሳይተርቧት አላለፉም። «የሚጮኸው የሞተሩ ቺንጋ ነው ወይስ እትዬ ቀስ?» ይላል አንዱ ሌላውን በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትቀጥላለች።

በየሳምንቱ ግን ያው አንድ ነው። መምህርቷ ብትለማመጣት፣ ብታስረዳት፣ «አንድ፣ ሁሉም ጋ፣ የለም» ነው መልሷ። በመጨረሻ መምህርቷ ታገሠች ታገሠችና ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ትሕትና አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ማምለጫ ነው። ሁሉም መጥፎ ነው ካሉ የሚታረም ነገር አይኖርም። አንድ ብለው ይገላገላሉ፤ የማዳመጡን ጣጣ ለእኔ ጥለውልኝ ይሄዳሉ።»

ሹፌሯ ከፋት። ቫዮሊኗን ሰብስባ በቅጡ እንኳ ሳትሰናበት ወጣች። በማግስቱ መሪ ይዛም ንዴቷ አልበረደላትም ነበር። ከየት መጥታ ነው እኔን ሰነፍ የምትለኝ፣ ስትል ከራሷ ጋር ተሟገተች። ነገር ግን አዲስ ሹፌር አጠገቧ አስቀምጣ ስታለማምድ እንዴት እንደምታናግረው ትዝ አላት። «ሁሉም መጥፎ ነው» ብላው አታውቅም። ይሄኛው መታጠፊያ ላይ እግርህን ዘግይተህ አነሳህ ነው የምትለው። እንዲህ ካላለችው ልጁ ምኑን ያርመዋል? ይህን ስታስብ ንዴቷ ወደ ኀፍረት ተቀየረ።

በእረፍቷ ሰዓት ስልኳን የአውቶቡሱ ወንበር ላይ ደግፋ አስቀመጠችና ራሷን ቀዳች። መልሳ ስትሰማው ጆሮዋን በእጇ ልትደፍን ምንም አልቀራት። ጥርሷን ነክሳ ደገመችው። በሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ገባት፤ አጀማመሩ ደህና ነው። የሚበላሸው ሦስተኛዋ ጣት ስታርፍ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ እሱን ተከትሎ ሌላው ሁሉ ይንሸራተታል። ሁሉም ጋ አይደለም። እዚያ ጋ ነው።

በቀጣዩ ትምህርት ተጫወተችና ሳትጠየቅ ጀመረች። «አጀማመሬ ተሳክቷል። ሦስተኛዋ ጣቴ ዝቅ ትላለች፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ እንደ ጉንፋናም ይሻክራል። ሁለት ተኩል።»

መምህርቷ ፈገግ አለች። ከዚያ፣ «እኔም ሁለት ተኩል ነው ያልኩት» አለች። ሹፌሯ ከዚያ ክፍል ስትወጣ ሁለት ተኩል ያገኘች አትመስልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማርኮቻቸው ይቀራረቡ ጀመር። አንድ ነገር ላይ ግን አልተግባቡም። ሹፌሯ ድምፄ ቀጭን ነው፣ ታፍኗል እያለች ደጋኑን ትጫናለች። መምህርቷ ደግሞ፣ «አይጫኑት፣ ክሩ እየጮኸ ነው» ትላታለች።

«አይሰማም እኮ» ትላለች ሹፌሯ።

«በደንብ ይሰማል፤ እንዲያውም በዛ።»

ላይኛው ክር ላይ በወጡ ቁጥር ይሄው ክርክር ነው። ሁለቱም የሚሉት ነገር እውነት መሆኑን ሁለቱም አላወቁም።

መልሱ የመጣው ካልታሰበበት ቦታ ነው። ሹፌሮች በየዓመቱ ጤናቸውን ይታያሉ፤ በዚያ ዓመት የጆሮ ምርመራም ተጨመረ። ሹፌሯ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ድምፅ በሰማች ቁጥር ቁልፍ ትጫናለች። በቀኝ ጆሮዋ ብዙ ተጫነች። በግራዋ ግን ረጅም ጸጥታ ሆነ። ማሽኑ የተበላሸ መስሏት ወደ ሐኪሙ ዞር አለች፤ ሐኪሙ ይቀጥሉ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት።

«ግራ ጆሮዎ ቀጫጭን ድምፆችን አጥቷል» አላት ሲጨርስ። «ሞተሩ፣ ክላክሱ፣ ሁሌ ክፍት የሆነው መስኮት፤ የዓመታት ነገር ነው። ሥራዎን አያግድዎትም፤ ከዚህ በላይ እንዳይጎዳ ግን እንጠብቀዋለን።»

«ለቫዮሊንስ?»

ሐኪሙ ቀና አለ። «ቫዮሊን በየትኛው ትከሻ ነው የሚያዘው?»

«በግራ። ጆሮ ሥር።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሱን እንኳ አላውቅም፤ ብዋሽዎት አይጠቅምዎትም» አለ።

ወደ ቤት ስትመለስ ተሳፋሪ ሆና ነው የተሳፈረችው። ቅስሟ ተሰብሮ ነበር። እኚያ መዝሙር አስተማሪ እንደ ትንቢት ተናግረው ኖሯል እንዴ፣ አለች በልቧ። ቀስ በቀስ ማመን የጀመረችው ጆሮ ይኸው ከዳት። ቫዮሊኑን ቁም ሣጥኑ ላይ መለሰችው። ለመምህርቷ አሞኛል ብላ ላከችባትና ትምህርቷን ቀረች፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ቀረች።

በዕረፍት ቀኗ ጠዋት ባሏ የገዛ ቤታቸውን መታጠቢያ ክፍል ሊያነጥፍ ተነሣ። የሰው ቤት ሁሉ ሲያሳምር ኖሮ የራሱ ሲሚንቶ እንደሆነ የቀረ ሰው ነው። እሷ በሩ ላይ ቆማ ሴራሚክ ታቀብለዋለች።

«ቀጥ ማለቱን በምን ታውቃለህ?» አለችው።

«በውሃ ልክ ነዋ።»

«በዓይንህስ?»

«ዓይኔማ ሌባ ነው» አለ ሳይዞር። «ጠዋት አንድ ይለኛል፣ ከሰዓት ሌላ። ልጅ ሳለሁ ዓይኔን አምኜ የአንድ ሰውዬ ሳሎን አጣምሜ፣ እንደገና አፍርሼ ሠርቻለሁ።»

«ታዲያ ሙያውን አልተውክም?»

«ለምን እተዋለሁ? ውሃ ልክ ገዛሁ እንጂ።»

ሌላ ሴራሚክ አቀበለችው። «ግሩም ነው የምትለኝ ከልብህ ነው?» አለችው።

አሁን ዞረ። «ምን ልበልሽ? መጥፎ ነው ብል የቱ ጋ ነው ብለሽ ልትይዥኝ አይደል። እኔ እሱን ከየት አመጣለሁ?» ከዚያ ፊቷን አየና መዶሻውን አስቀመጠ። «ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ?»

ያኔ የጆሮዋን ነገር ነገረችው። አላጽናናትም፤ የማጽናናት ነገር አይሆንለትም። «ለልጅቷ ነግረሻታል?» ብቻ አላት። «መምህርሽ አይደለች? ሳትነግሪያት ምን ትሁን?»

በቀጣዩ ቀጠሮ ቫዮሊኗን ይዛ ሄደች። ሳጥኑን ሳትከፍት ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት። መምህርቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማቻት።

«እኔም ልጠይቅዎት ይገባ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ያን ያህል ጊዜ አይጫኑ እያልኩ ስጨቀጭቅዎ ለምን እንደሚጫኑ አልጠየቅኩም።»

«ልተወው እንዴ?»

«እሱንም መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሹፌሯ ሳጥኑን ከፍታ ቫዮሊኑን አወጣች። «አልተውም» አለች። «ግን ራሴን በምን እንደምመዝን አላውቅም።»

መምህርቷ ተነሣች። «ዓይንዎ ደህና ነው?»

«ሹፌር ነኝ እኮ።»

«እንግዲያው ሦስተኛ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉና ደጋኑን ይሳቡ። ማዳመጡን ይተዉት፤ ከጎኑ ያለውን ክር ብቻ ይዩ።»

ሹፌሯ ሳበች። ጎረቤቱ ክር ዝም ብሎ ተኝቷል። ጣቷን በጥቂቱ ገፋ አደረገችው፤ አሁንም የለም። ሌላ ጥቂት ስትገፋ ማንም ያልነካው ክር በራሱ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ ክር ሁለት እስኪመስል ድረስ ተርገበገበ። መልሳ ጣቷን ሸሸት ስታደርገው ተኛ።

«ልክ ሲሆኑ ያ ይነሣል» አለች መምህርቷ። «እሱ ጆሮ አያስፈልገውም።»

ሹፌሯ ወገቧን ታጥቃ እንደ አዲስ ጀመረች። እንዲህ የሚነሡትን ድምፆች በዓይኗ ትጠብቃለች። አገጯ ቫዮሊኑ ላይ ሲያርፍ አጥንቷ ውስጥ የሚገባውን ንዝረት መለየት ተማረች፤ ደጋኑን ስትጫን ንዝረቱ ይታፈናል፤ ስትለቀው ይሰፋል። የቀረውን ስልኳ ላይ ቀድታ በቀኝ ጆሮዋ ትሰማዋለች። አንዳንድ ቀን ይሄ ሁሉ ድካም ሆድ ያስብሳታል፤ ሌላው ሰው ዝም ብሎ የሚሰማውን እሷ በዓይን፣ በአጥንትና በስልክ ትሰበስባለች። ቢሆንም ከአውቶቡሷ ልምምድ አልቀረችም። ማርክ አሰጣጧም ተቀየረ። «ይህን ሰምቻለሁ፣ ይህን አይቻለሁ፣ ይህን አላውቅም» ትላለች። መምህርቷ አላውቅም የሚለውን ከሁሉ ትወደው ነበር፤ እዚያ ጋ ሁለቱም አብረው ይሠራሉና።

ዓመቱ ሲያልቅ የደረጃ ፈተና ደረሰ። ሹፌሯ ኮሪደሩ ላይ ስትቀመጥ አንዲት እናት ቦታ ለቀቀችላትና፣ «የእርስዎ ልጅ ገብታለች?» አለቻት።

«ተፈታኟ እኔ ነኝ» አለች ሹፌሯ። ሴትዮዋ ለልጇ የነበራትን ጭንቀት ረስታ ለእሷ ተጨነቀች።

ውስጥ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ሹፌሯ ተጫወተች። እንደጨረሰች መሃል ላይ የተቀመጡት ሽበታም ሰውዬ ፊታቸው በፈገግታ በራ። «በዚህ ዕድሜዎ እዚህ መድረስዎ ትልቅ ነገር ነው። እንኳን ደስ አለዎት» አሉ።

«አመሰግናለሁ ጌታዬ። ግን እኔ ገና አልተናገርኩም።»

ሽበታሙ ሰውዬ የሙዚቃ ቤቱ ደንብ ትዝ አላቸውና ይቅርታ ጠይቀው በእጃቸው ጋበዟት።

«ዝግ ያለው መጀመሪያው ተሳክቷል» አለች። «ክሩ ሲነሣ አይቻለሁ። መካከለኛው ላይ ሮጥኩ፤ ከፊቴ ያለውን ከፍ ያለ ድምፅ ፈርቼ ቶሎ ልለፈው ብዬ ነው። ከፍ ያለው ድምፅ ራሱ እንዴት እንደነበር አላውቅም፤ ግራ ጆሮዬ አይሰማውም፤ እናንተ ንገሩኝ። ማርኬ ሦስት ነው።»

በቀኝ በኩል የተቀመጠችው ፈታኝ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «ከፍ ያለው ንጹሕ ነበር፤ ምናልባት ከሁሉም የጠራው እሱ ነው። መሮጥዎ ግን እውነት ነው። ያልነገሩን ሌላም አለ፤ ከክር ወደ ክር ሲሻገሩ ደጋንዎ ያልፈለጉትን ክር ይነካል።»

ይህን ሹፌሯ ከነጭራሹ አላስተዋለችውም ነበር። ደነገጠች፤ ግን የድሮው ድንጋጤ አልነበረም። ክርኗን አንሥታ በአየር ላይ እንቅስቃሴውን ሞከረችው። «እዚህ ጋ ነው?»

«እዚያ ጋ ነው። ክርንዎ ይዘገያል።»

«እሺ» አለች። «አንድ ነገር ልለምናችሁ። መካከለኛውን አንዴ ልድገመው። ለማርኩ አይደለም። ሳልሮጥ ልለፍበት።»

ፈታኞቹ ተያዩና ፈቀዱላት። ሰው በሞላበት መንገድ አውቶቡስ እንደምታስገባ ገባችበት፤ እየዘገየች፣ ዓይኗን ክሩ ላይ ተክላ። ያ የምትፈራው ቦታ ሲመጣ እጇ ሊፈጥን ፈለገ፤ አልፈቀደችለትም። ወደ ላይ ወጣች፤ አለፈችው። ወደ ታች ስትመለስ አንዲት ድምፅ አመለጠቻት።

«አራተኛ ጣቴ» አለች ደጋኑን እያወረደች።

«አራተኛ ጣትዎ» አሉ ሽበታሙ ሰውዬ። ሦስት ተኩል ሰጥተው አሳለፏት።

ወደ ሁለተኛው ደረጃ ከገባች በኋላ፣ ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው ቫዮሊን የሚጫወቱ ጎልማሶች ቡድን ውስጥ ተቀላቀለች። አንድ ፋርማሲስት፣ አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች አሉበት፤ መሪያቸው ደግሞ ያቺው መምህርት ነበረች። አዲስ ሙዚቃ ጀመሩና መምህርቷ የሙዚቃውን የላይኛ ክፍል፣ ከፍ ያሉት ድምፆች ያሉበትን፣ ማን ይይዘዋል ብላ ጠየቀች። ዓይኖች ወደ ሹፌሯ ዞሩ።

«ለጊዜው የታችኛውን ስጡኝ» አለች። «የላይኛው ላይ ገና ሁለት ነኝ። ፈጣኑ ቦታ ላይ ክሩን ለማየት አልደርስም።»

«መቼ ይደርሳሉ?» አሉ አዋላጇ።

«ስደርስ እኔው እነግራችኋለሁ።»

የታችኛውን ይዛ ወራት ተቀመጠች። እረፍቷ ላይ ግን አውቶቡሷ ውስጥ የምትለማመደው የላይኛውን ነበር፤ ፈጣኑን ቦታ በጣም ዝግ አድርጋ፣ ከዚያ ዝግ፣ ከዚያ መራመድ በሚያህል ፍጥነት። ትቀዳለች፣ በቀኝ ጆሮዋ ትሰማለች፣ ትደግመዋለች። አንድ ቅዳሜ መምህርቷ ልምምድ ለመጀመር ደጋኗን ስታነሣ፣ ሹፌሯ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

«አራት ደርሻለሁ» አለች። «ዛሬ የላይኛውን ልሞክረው።»

መምህርቷ የላይኛውን ኖታ አነሣችና፣ በሰው እጅ ሳትልክ፣ ራሷ ሄዳ ሹፌሯ ፊት አስቀመጠችላት።